አውሮፕላኑ ከጣራችን ምን ያህል ይርቃል

ከቦሌ ሚካኤል ብዙ በማይርቅ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1989 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ መምህራን ሁሉ የሚሸሹት ክፍል ተከፈተ። አሥረኛ ኬ ይባላል። አርባ ሦስት ተማሪዎች ነበሩበት፤ አርባ ሦስቱም ደጋሚዎች። ገሚሶቹ ሁለት ጊዜ የወደቁ፣ ገሚሶቹ አቋርጠው የተመለሱ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ቤት ከመዋል ይሻላል ብለው ብቻ የተመዘገቡ ነበሩ።

ክፍሉን የከፈተችው ዳይሬክተሯ ምንትዋብ ናት። በክረምቱ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ሄዳ፣ ተማሪው ራሱ ይጠይቅ፣ ራሱ ይሞክር፣ ራሱ ይድረስበት የሚል ሐሳብ ይዛ ተመለሰች። ሌላው ክፍል ዘጠና ዘጠና ተማሪ ታጭቆበት በሁለት ፈረቃ ሲማር፣ ይህ አንዱ ለሙከራ እንዲተውላት ስንት ቢሮ ደጅ ጠናች። ሲፈቀድላት ደግሞ ሂሳብ የሚያስተምርላት ሰው አጣች። በመጨረሻ መምህር ገብረሰንበት ዘንድ ሄደች።

መምህር ገብረሰንበት የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ። ሃያ ዘጠኙን ዓመት ሂሳብ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። የሰሌዳ ጽሕፈታቸው የታተመ ይመስላል፤ ክበብ ያለ ኮምፓስ ስለው ጫፍና ጫፉን ያለ ስንጥቅ ያገጥሙታል። ገብተው ይጽፋሉ፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ሲደወል አጥፍተው ይወጣሉ። ማንንም ሰድበው፣ ማንንም መትተው አያውቁም። ምንትዋብንም ራሷን አስተምረዋታል።

«ቲቸር፣ እርስዎ ካልያዙልኝ ማንም አይይዝልኝም» አለቻቸው።

«እኔ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት የቀረኝ ሰውዬ ነኝ። ለአዲስ ነገር ወጣት ፈልጊ።»

«ወጣቶቹን ጠየቅኳቸው። ሦስቱም እምቢ አሉ።»

«እንግዲያው ሰው ስላጣሽ ነው በይኛ!»

ምንትዋብ ሳቀች። «ስላጣሁም ነው፣ ስለሚችሉም ነው።»

እምቢ ማለት አቃታቸው። በማግሥቱ አሥረኛ ኬ ሲገቡ ዴስኮቹ ከረድፍ ወጥተው ክብ ሠርተው አገኟቸው። ከፊት የሚባል ቦታ ስለሌለ የት እንደሚቆሙ ግራ ገባቸው። ዞር ዞር ብለው መሃል ላይ ቆሙና ምንትዋብ እንደመከረቻቸው ጠየቁ።

«ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?»

ዝም። አንዱ ያስላል፣ አንዷ እስክሪብቶዋን ትነክሳለች። ቆይቶ ቢሩክ የሚባለው ረጅም ልጅ እጁን አወጣ። ሰፈሩ ሩዋንዳ ነው፤ የክፍሉ ቀልደኛ መሆኑ ከመጀመሪያው ደቂቃ ታውቋል።

«ቲቸር፣ ፈተናው መቼ እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በሁለተኛው ቀንም፣ በሦስተኛውም ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣም። መምህር ገብረሰንበት ወደ ምንትዋብ ቢሮ ሄደው «አልሆነም» አሏት። «አፋቸውን የሚከፍቱት ለቀልድ ብቻ ነው።»

«ቲቸር፣ አሥር ዓመት ሙሉ ዝም በሉ ሲባሉ የኖሩ ልጆች እኮ ናቸው። በሦስት ቀን እንዲናገሩልዎት ነው የፈለጉት?»

ነገሩ ከነከናቸው። ቤታቸው ሲገቡም አብሯቸው ገባ። በነጋታው ለእያንዳንዱ ተማሪ ግማሽ ወረቀት አድለው፣ ስም ሳይጻፍበት አንድ አንድ ጥያቄ እንዲያሰፍሩ አዘዙ። ሰብስበው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። «ሂሳብን የፈጠረው ሰው ማን ነው? አድራሻውን ፈልጌ ነበር» ይላል አንዱ። «ለምንድነው የምንማረው?» የሚል ስምንት ወረቀት ነበረ። ወደ መጨረሻው ላይ፣ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ ወረቀት መጣ።

«በእኛ ቤት ላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ከጣራችን ምን ያህል ይርቃል? ውስጡ የተቀመጠ ሰው ጣራ ላይ የቆመ ሰው ይታየዋል?»

በዚያ ትምህርት ቤት አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር መምህሩ ንግግሩን ያቋርጣል፤ መስኮቱ ተንቀጥቅጦ ሲያበቃ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁሉም ለምዶታል። ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚያልፍ ግን ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም።

«አንድ ሺህ ሜትር ይሆናል» አለ አንዱ።

«ምን አንድ ሺህ! ጎማው ሲታጠፍ ይታየኛል እኮ» አለች ሊና። ሊና አቋርጠው ከተመለሱት አንዷ ናት፤ ቶሎ ትናደዳለች፣ ቶሎም ይገባታል።

«መቶ ነው!»

«መቶ ቢሆን ጣራችሁን ይዞት ይሄድ ነበር!»

ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ተንጫጫ። መምህር ገብረሰንበት ጠመኔያቸውን ይዘው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። እጃቸው ሳይጠየቅ ባለ ዘጠና ዲግሪ ሦስት ማዕዘን ስሎ ጨርሷል። «ታንጀንት» ብለው ሊጽፉ «ታ» ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ይህን ሦስት ማዕዘን ስንት ሺህ ጊዜ ስለውት ይሆን? አንድም ቀን ግን ከሰሌዳ አውርደው ነገር ለክተውበት አያውቁም። ዛፍ እንኳ፣ ግድግዳ እንኳ። «ታ»ን በእጃቸው አጠፉና ዞሩ።

«እኔም አላውቅም» አሉ። «ለክቼም አላውቅም። እንዴት ይለካል ትላላችሁ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ይሄኛው ዝምታ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። መምህር አላውቅም ሲል የሰሙት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት በዚሁ ጥያቄ ላይ አለፈ። መምህር ገብረሰንበት መልሱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ እየመጣ ዋጥ ማድረግ ተማሩ፤ ይህ ከማስተማር ይልቅ አድካሚ ነበር። ልጆቹ ተሳሳቱ፣ ተከራከሩ፣ ወረቀት ቀደዱ። ከቤቱ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው አውሮፕላኑን ቀና ብሎ የሚያይበት ማዕዘን ቢታወቅ፣ ከዚያ ሰው እስከ ቤቱ ያለው ርቀትም ቢታወቅ፣ ከፍታው ይገኛል ብላ የደረሰችበት ሊና ናት። የደረሰችበት ቀን ዴስኩን በጡጫ መታችው። ማዕዘኑን በምን እንለካ ሲባል ደግሞ፣ መስኮት ሥር የምትቀመጠውና እስከዚያ ቀን ድምጿ ያልተሰማው ናዲያ እጇን አወጣች።

«ቱቦ ቢሆን» አለች፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል። «በቱቦ አጮልቆ ማየት ነው። ከሥሩ ማዕዘን የተጻፈበት ላሜራ፣ ከዚያ ላይ በክር የብሎን ዳዶ ማንጠልጠል። ዳዶው ሁሌ ወደ መሬት ስለሚያመለክት… አባቴ ቱቦ አለው።»

መምህር ገብረሰንበት ያን ጊዜ ያ የአውሮፕላኑ ወረቀት የማን እንደሆነ ገባቸው።

በማግሥቱ ከሰዓት ከናዲያ ጋር ወደ ቦሌ ሚካኤል ወረዱ። አባቷ አቶ ሱሌማን የብረት በርና መስኮት ይሠራሉ፤ ከቡታጅራ መጥተው እዚያ ሰፈር ሃያ ዓመት ተቀምጠዋል። በመንገድ ላይ ናዲያ ሳትጠየቅ ነገረቻቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ሙኒራ ናት። ሙኒራ ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ወደ ጂዳ ሄደች።

«ኤርፖርት የሚሄደው መኪና ውስጥ ቦታ የለም ተባልኩ» አለች ናዲያ። «ስለዚህ ጣራ ላይ ወጣሁ። ነጭ አንሶላ ይዤ አውለበለብኩላት። አይታኝ እንደሆነ አላውቅም።»

«በደብዳቤ አልጠየቅሻትም?»

«አላየሁሽም ብትለኝስ?»

መምህር ገብረሰንበት እስከ ብረት ሥራው አጥር ድረስ እርምጃቸውን ከእሷ ጋር አስተካክለው ሄዱ።

አቶ ሱሌማን የብየዳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ናዲያ የሳለችውን የመለኪያውን ሥዕል አገላብጠው አዩት። «ይሄ ለትምህርት ነው?»

«ለትምህርት ነው» አሉ መምህር ገብረሰንበት።

«እኔ ትምህርት ቤት ደብተር ብቻ የሚፈልግ ነበር የሚመስለኝ።» ቱቦውን ቆርጠው፣ ላሜራውን በይደው፣ ስለቱን ሞርደው ሰጧቸው። ከዚያ ልጃቸው እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልፋትዎን ስላየሁ ነው የምነግርዎት፣ መምህር። ፓስፖርቷን አስጀምሬያለሁ። ዘንድሮ አለፈችም ወደቀችም፣ እህቷ ጋ ትሄዳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ስትደጋግም ምን ላድርግ?»

መምህር ገብረሰንበት ቱቦውን ለናዲያ ሰጧት። አመስግነው ወጡ።

ልኬቱ ለቅዳሜ ተቀጠረ። ልጆቹ ግን ቅዳሜን መጠበቅ አልቻሉም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህር ገብረሰንበት መምህራን ክፍል ተቀምጠው ደብተር ሲያርሙ ሊና እየሮጠች ገባች።

«ቲቸር! ናዲያንና ቢሩክን ወሰዷቸው!»

«ማን? የት?»

«ፖሊስ ጣቢያ! ቱቦውን አውሮፕላኑ ላይ አነጣጥረን…»

የቀረውን አልሰሙም። ኮታቸውን እየለበሱ ወጡ፤ ሊናም ደብተሯን እንደያዘች ተከተለቻቸው።

ጣቢያው ሲደርሱ ሁለቱ ልጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ቢሩክ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶት ጫማውን ያያል። ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ እዚያ ቦታ ላይ ሲታይ እውነትም ያስፈራ ነበር። ከጠረጴዛው ጀርባ ሃምሳ አለቃ ቢተው የሚባል ወጣት ፖሊስ ተቀምጧል። አቶ ሱሌማንም ብየዳ የበሳሳውን ሽርጣቸውን ሳያወልቁ ደርሰዋል።

«አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሃምሳ አለቃው መምህር ገብረሰንበትን።

«ማዕዘን መለኪያ ነው፣ ልጄ። ተማሪዎቼ ናቸው።»

«የሚነሳ አውሮፕላን ላይ ደግነውት ነው የተያዙት። እኔ አለቃዬን ማዕዘን ነው ልበለው?»

መምህር ገብረሰንበት ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ናዲያን አዩአት። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ተቆላልፈዋል፤ ዓይኗ ግን ቱቦው ላይ ነው፣ እንዳይጣመምባት የፈራች ይመስላል።

«እሷ ታስረዳህ» አሉ። «ሐሳቡ የሷ ነው።»

ናዲያ ተነሳች። ወረቀት ለመነች፣ ተሰጣት፣ ቤታቸውን ሳለች፣ አውሮፕላኑን ሳለች፣ ቢሩክ የሚቆምበትን ቦታ ሳለች። መስመሮቹን ስታገናኝ ድምጿ እየጠራ ሄደ። እኔ ጣራ ላይ እቆማለሁ፣ አውሮፕላኑ አናቴ ላይ ሲደርስ አንሶላውን እጥላለሁ፣ ቢሩክ ያኔ ማዕዘኑን ያነባል፣ ከቢሩክ እስከ እኔ ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ነው፣ በሃያ አምስት ሜትር ሲባጎ አሥር ጊዜ ለክተነዋል። አቶ ሱሌማን ልጃቸውን የማያውቋት ሰው ይመስል ትኩር ብለው ያዩአት ነበር።

ሃምሳ አለቃ ቢተው ወረቀቱን ወደ ራሱ አዞረው። «እውነት ከሆነ የግቢያችንን የባንዲራ ምሰሶ ለኪልኝ።»

ሁሉም ወጡ። ናዲያ ከምሰሶው ሥር ስምንት ሜትር ርቃ ቆመች፣ በቱቦው አጮለቀች፣ ቢሩክ የዳዶውን ክር አነበበ፣ ሊና ደብተሯ መጨረሻ ላይ የገለበጠችውን የታንጀንት ሰንጠረዥ አወጣች። ናዲያ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ አባዛች፤ ከመሬት እስከ ዓይኗ ያለውንም ደመረች።

«ስምንት ሜትር ከሰባ» አለች።

«ዘጠኝ ነው! እኔ ራሴ ነኝ ያስተከልኩት።»

«እንግዲያው ሠላሳ ሳንቲሜትር ተሳስቻለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ምሰሶውን ሽቅብ አየው። «ወይም ደግሞ እኔን አጭበርብረውኛል» አለ፤ መጀመሪያ የሳቀው ቢሩክ ነው።

በዚያው ዕለት ተለቀቁ። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ቢመጣ፣ ቅዳሜ አንድ ፖሊስ አብሯቸው ይቆማል ተባሉ። ቅዳሜ የመጣው ሃምሳ አለቃ ቢተው ራሱ ነበር። ሦስት ቅዳሜ መጣ፤ በሦስተኛው ማዕዘኑን ካላነበብኩ ብሎ ከቢሩክ ጋር ተሻማ። ሦስት አውሮፕላን፣ ሦስት ቁጥር፦ ሁለት መቶ ዘጠና፣ ሦስት መቶ ሃያ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ። ለምን እንደተለያየ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተከራክረው፣ መሃሉን ሦስት መቶ ሃያን ያዙ።

«ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው» አሉ መምህር ገብረሰንበት። «ሁለተኛውስ? ሰው በዚያ ርቀት ይታያል?»

«ርቀን ቆመን ማየት ነዋ!» አለች ሊና።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ በሦስት ሚኒባስ ተጭኖ ሲኤምሲ መንገድ ዳር ወዳለው ሰፊ ሜዳ ሄደ። ጤፉ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል። አቶ ሱሌማን ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፤ ለምን እንደመጡ ማንም አልጠየቃቸውም። ናዲያ ነጩን አንሶላ ይዛ አንድ ጫፍ ላይ ቀረች። ሌሎቹ ሲባጎውን እየዘረጉ፣ እየጠቀለሉ፣ እንደገና እየዘረጉ ሄዱ። ከአሥራ ሦስት ጊዜ ትንሽ ሲጎድል ሊና «እዚህ!» አለች። ዞሩ።

መምህር ገብረሰንበት መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወልውለው አደረጉት። መጀመሪያ ገለባና ሰማይ ብቻ ነበር። ከዚያ ነጭ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከሥሩ ሰው ነበረ፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ የክብሪት እንጨት የምታክል። አንሶላው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል። ፊቷ አይታይም። ሰው መሆኗ ግን፣ እያውለበለበችም መሆኗ፣ ምንም አያጠራጥርም።

«ይታያል!» ጮኸ ቢሩክ። «ቲቸር፣ ይታያል!» ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተቃቀፉ፣ ዘለሉ፤ ናዲያ ግን ምንም ስለማትሰማ ማውለብለቧን አላቆመችም።

አቶ ሱሌማን ከሌሎቹ ሦስት እርምጃ ያህል ፈንጠር ብለው ቆመው ነበር።

«ሙኒራ የሄደች ቀን እኔ ኤርፖርት ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ይቺን ቤት ጥያት ነው የሄድኩት። መኪናው ቦታ የለውም ብያት፤ ተኝታ ቀርታለች ብዬ ነበር።»

አቶ ሱሌማን ዓይናቸውን ከአንሶላው ሳይነቅሉ ቀጠሉ።

«እንዲህ ስታደርግ ነበር ማለት ነው? ብቻዋን?»

«እንዲህ ስታደርግ ነበር።»

አቶ ሱሌማን ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ካፊያ የሚቀበሉ ይመስል መዳፋቸውን ዘርግተው ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ ማውለብለብ ጀመሩ። መጀመሪያ በእጃቸው፣ ቀጥሎ ኮታቸውን አውልቀው በኮታቸው። ያ የክብሪት እንጨት ቆም አለ። ወዲያው አንሶላው ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት መወዛወዝ ያዘ። መምህር ገብረሰንበት መነጽራቸውን እንደገና አወለቁ፤ የሚወለወል ነገር ግን መነጽሩ ላይ አልነበረም።

ናዲያ በዚያ ሳምንት ለእህቷ ጻፈች። ሦስቱን ቁጥሮች፣ ሥዕሉን፣ የፖሊስ ጣቢያውን ጉድ ሁሉ ጻፈችላት፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ዓመት የፈራችውን ጥያቄ አስከተለች። አቶ ሱሌማን ደግሞ አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ መምህር ገብረሰንበትን ጠብቀው፣ «ፓስፖርቱ ይቆይ» አሏቸው። «አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ። ከዚያ በኋላ ራሷ ትወስን።» ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ተመልሰው ሄዱ።

መልሱ የመጣው በጥር ነው። ናዲያ ደብዳቤውን ይዛ ክፍል ገባች፤ እንዲነበብ የፈለገችው እሷ ነበረች።

«ናዲዬ» ይላል፣ «እውነቱን ልንገርሽ። መስኮት ጋ አልነበርኩም። መሃል ላይ አስቀምጠውኝ ሻርፔን ፊቴ ላይ ጥዬ ሳለቅስ ነበር። ሰማዩንም ምድሩንም አላየሁም። ጣራ ላይ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ በሰው ላይ ተረማምጄ እሄድ ነበር። አሁን ግን ስሚኝ። ለሐምሌ እረፍት ተሰጥቶኛል። በየትኛው በኩል ልቀመጥ? ክፍልሽን ጠይቂልኝ።»

ሁሉም ናዲያን ያያል። ናዲያ ዓይኗ ውኃ ሞልቶ ትስቅ ነበር።

«በግራ ነው» አለ ቢሩክ በመጨረሻ።

«ከየት በኩል እንደሚያርፍ ሳታውቅ?» አለ ሌላው። «በነፋሱ ይወሰናል እኮ።»

«ቆይ፣ ቆይ!» ሊና ተነሳች። ፊቷ ተለዋውጧል። «ቤታችሁ በቀጥታ ከሥሩ ከሆነ በግራም በቀኝም አይታይም! መስኮቱ ያለው ጎን ላይ ነው። ከሥር ያለውን ማን ያያል?»

መምህር ገብረሰንበትም ደነገጡ፤ አርባ አራት ሰው ሆነው ይህን አንዳቸውም አላሰቡትም። ወደ ናዲያ ዞሩ። ናዲያ ሰሌዳው ላይ ከቀደመው ክፍለ ጊዜ የቀረውን ሦስት ማዕዘን አፍጥጣ እያየች ነበር።

«እንግዲያው ጣራ ላይ አልቆምም» አለች። «የት ልቁም?»

ሦስት ልጆች በአንዴ ወደ ሰሌዳው ሄዱ። አንዱ ወደ ጎን ሦስት መቶ ሃያ ሜትር ይላል፣ አንዷ የለም፣ መስኮቷ ክንፉ ጋ ሆኖ ቢጋርዳትስ ትላለች፣ ቢሩክ ወንበር ላይ ወጥቶ ክንፍ ሆኖ እጁን ዘርግቷል። ናዲያ ጠመኔውን ከሰው እጅ ነጠቀች። መምህር ገብረሰንበት የሚቆሙበት ቦታ ስላጡ ወደ ኋላ ሄዱና ባዶ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ጀመር።